መሀል አዲስ አበባ ወፍ፣ እስስትና እንቁራሪት ፎቶ ስታነሱ የማትደግሟቸው ስህተቶች

አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ፣ ዛፎቹ ሥር ቆሞ ያንጋጠጠ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ፎቶ ይዞ ይወጣል፦ ነጭ ሰማይ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ። ነጥቡ ቁራ ይሁን እርግብ አንሺውም እርግጠኛ አይደለም። ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ስንት ሚሊ ሜትር ሌንስ ልግዛ?» የሚል ነው። ሌንሱ ግን ከጥፋቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው። በከተማዋ እምብርት የሚበላሹት አብዛኞቹ ፎቶዎች የሚበላሹት ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ፣ የት እንደምንቆምና ስንት ሰዓት እንደምንሄድ ስንወስን ነው።

ከዛፍ ሥር ወደ ላይ ማንሳት

ከግንዱ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያነጣጥር ሰው የሚያገኘው ሆድና እግር ነው፤ ዓይንና ምንቃር አይታዩትም። ከኋላ ያለው ደማቅ ሰማይ ካሜራውን ያታልለውና ወፏን ያጠቁራታል። በመካከል የገባ ቅርንጫፍ ደግሞ ፎከሱን ይነጥቃል።

አዲስ አበባ በዚህ በኩል የታደለች ናት፤ ዳገትና ቁልቁለት ሞልቷታል። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ከላይ የቆመ ሰው ወንዙ ዳር የበቀለውን ዛፍ አናት ፊት ለፊት ያየዋል። ድልድይ፣ የሕንፃ ደረጃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ የካፌ በረንዳ፣ ሁሉም ያገለግላሉ። ወፏ ከእናንተ ዓይን ጋር እኩል ስትሆን ከጀርባዋ የሚገባው ሰማይ ቀርቶ የማዶው ቅጠል ይሆናል።

ርቀቱንም አስሉት። ወፏ ከእናንተ 8 ሜትር፣ ቅጠሉ ደግሞ ከወፏ 15 ሜትር ርቆ ከሆነ ጀርባው ለስልሶ አረንጓዴ መጋረጃ ይሆናል። ወፏ ግድግዳ ተጠግታ ከሆነ ግን የትኛውም ውድ ሌንስ አያድናችሁም፤ የሲሚንቶው ስንጥቅ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ሌላ ወፍ ብትፈልጉ ይሻላል።

መሬት ላይ ለሚለቅሙት ነገሩ ይገለበጣል። ቆሞ ቁልቁል የተነሳ ወፍ ከላይ እንደታየ ድንጋይ ነው። ተንበርከኩ፣ ከተቻለም ተኙ፤ ሌንሱ ከሣሩ አንድ ስንዝር ከፍ ቢል በቂ ነው። ልብስ ይታጠባል።

ቁርስ በልቶ መውጣት

ጥሩው ብርሃን ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00፣ ከዚያም ከቀኑ 10፡00 ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው። እኛ ያለንበት ኬክሮስ 9 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነ ፀሐይ ቶሎ ከፍ ትላለች። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትመጣለች፤ የወፏ ዓይን ከቅንድቧ ጥላ ሥር ይቀበራል። ዓይኑ ያላበራ የወፍ ፎቶ ደግሞ የሞተ ፎቶ ነው።

ቀትር ሌላም ጣጣ አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያና አስፋልት ሲግል ከላያቸው ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። ጣሪያ አሻግራችሁ 60 ሜትር ላይ ያለች ወፍ ስታነሱ ሁሉም ፎቶ የደበዘዘ ከሆነ ካሜራውን ለጠጋኝ አትውሰዱት፤ ጠዋት ተመለሱ። የክረምት ደመና የጋረደው ቀን ግን ቀኑን ሙሉ ያስነሳል፤ ለእስስትና ለእንቁራሪትማ ከፀሐይ ይመረጣል።

መግቢያ የሚከፈልባቸው ፓርኮች ብዙውን ጊዜ በር የሚከፍቱት ጥሩው የጠዋት ብርሃን እያለፈ ሲሄድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መንገድ ዳሩን፣ የወንዙን ዳርና የቤተ ክርስቲያን ግቢዎችን አዳርሱ፤ ፓርኩን ለኋላ አቆዩት።

ካሜራውን አውቶ ላይ ትቶ ማመን

ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነውን ትልቅ ቁራ እንውሰድ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ማንም ልብ አይለውም። ይህ ቁራ ደመናማ ሰማይ ላይ ትንሽ ሆኖ ሲታይ ካሜራው ሰማዩን አይቶ ያጨልማል፤ ስለዚህ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (ፎቶውን የሚያበራውንና የሚያጨልመውን ማስተካከያ) ከ+1 እስከ +2 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያው ቁራ አጥር ላይ አርፎ ፍሬሙን ሲሞላው ደግሞ ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ያበራል፤ ላባው አመድ ይመስላል። ያኔ ወደ −0.7 ዝቅ በሉ። ለአንድ ወፍ ሁለት ተቃራኒ እርማት አለ፤ «ለቁራ ስንት ላድርግ?» ለሚል ጥያቄ አንድ ቁጥር የማይሰጠውም ለዚህ ነው።

የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ)፦ ለተቀመጠች ትንሽ ወፍ 1/500ኛ ሰከንድ ዝቅተኛው ነው፤ ተቀምጣም ራሷን ስለምታወዛውዝ። ለሚያንዣብብ ጭልፊት 1/2000፣ አበባ ፊት ክንፏን ለምታርገበግብ ማር መጣጭ ወፍ 1/3200 እና ከዚያ በላይ። ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ወደ 3200 ይውጣ። ጥቂት ነጠብጣብ ያለበት ግን የጠራ ፎቶ ይስተካከላል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ መድኃኒት የለውም።

ፎከሱን አንድ ነጥብ ላይ አድርጉና ዓይኗ ላይ ጣሉት። በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 6.3 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው)፣ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ ላይ 5 ሜትር የራቀች ወፍ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ያረፈ ፎከስ ዓይኗን ያደበዝዛል።

በስልክ የምታነሱ ደግሞ ጣት ዘርግታችሁ አታጉሉ፤ ያ አብዛኛውን ጊዜ ፎቶውን መቁረጥ ነው። 8 በ42 ባይኖክላር (8 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ካላችሁ የስልኩን ካሜራ ማያው ላይ አስጠግታችሁ አንሱ። ክብ ጥቁር ጠርዝ ይመጣል፣ ወፏን ለመለየት ግን ይበቃል።

ተከትሎ መሮጥ

ንጋት ላይ በጣሪያ ላይ እየጮኸች የምታልፈው፣ ሣር ላይ ምንቃሯን እየሰካች ትል የምትለቅመው ትልቅ ጠቆር ያለች ኢቢስ (ምንቃሯ ረጅምና ጎባጣ የሆነ ወፍ) ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለችም። ሰው ስለለመደች የምትጠጋ ትመስላለች፤ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱባት ግን እሷም በዚያው ልክ ትርቃለች። መጨረሻ ላይ የሚቀራችሁ የጅራት ፎቶ ነው።

በአግድሞሽ፣ የምታልፉ መስላችሁ ቅረቡ። አንገቷን ቀና ካደረገች ቁሙ። መልሳ መሬቱን መውጋት ስትጀምር ሁለት ሦስት እርምጃ ጨምሩ። ከ10 ሜትር ገደማ ላይ ተቀመጡና የምትሄድበትን አቅጣጫ አይታችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትመጣለች። ቀረብ ስትል ከጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለችው ቀጭን ቆዳና ነጣ ያለው ዓይኗ ይታያሉ። ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ደምቆ የሚታየው ስትነሳ ስለሆነ ጣታችሁ ከመጫኛው አይራቅ።

ማር የሚመጡት ትንንሾቹ ላይማ ሩጫ ጨርሶ አይሠራም። ያበበ እሬት ወይም ግራቪሊያ ፈልጉ፣ አንድ ዘለላ ምረጡ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉና ጠብቁ። ወደዚያው አበባ ይመላለሳሉ። የፀሐዩ ነገር ቀላል አይደለም፤ ባለ ረጅም ጅራቱ የተከዜ ማር መጣጭ ወንዱ በጥላ ውስጥ ከሰል ነው፣ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያርፍበት ነው ሐምራዊውና የመዳብ ቀለሙ ፈንጥቆ የሚወጣው።

እስስትን ከቅርንጫፍ መንቀል

እስስት መርዛማ ናት የሚለው ወሬ ስንቷን አስገድሏል። መርዝ የላትም። የከተማችን የደጋ እስስት ጅራቷን ጨምሮ ስንዝር ገደማ ናት፤ ጥቅጥቅ ባለ የአጥር ቁጥቋጦና በግቢ ዛፎች ላይ ትኖራለች። ስህተቱ የሚመጣው ከተገኘች በኋላ ነው፦ አንዱ በጅራቷ ይስባታል፣ ሌላው ቀይ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ «ቀይ ትሆናለች» ብሎ ይጠብቃል።

አትሆንም። ቀለሟ የሚለወጠው በስሜቷ፣ በሙቀትና በብርሃን ነው። ስትጠቁር፣ ጎኗን ስታሰፋ፣ አፏን ከፍታ ስታፏጭ ፈርታለች ማለት ነው፤ ያ ፎቶ ለሚያውቅ ሰው ውበት ሳይሆን ጭንቀት ነው የሚያሳየው። ቅርንጫፉን ጨብጣ ሳለ መሳብ ደግሞ ጥፍሯንና እግሯን ይጎዳል። ካለችበት ሳትነኩ አንሱ። ከወገቧ ጎን፣ ከዓይኗ ትይዩ፣ ኤፍ 8 ላይ። ቅጠል ከጋረዳት ቅጠሉን በእጅ ገለል አድርጋችሁ ያዙት እንጂ አትቁረጡት፤ መደበቂያዋ ነው።

ቀን ፈልጋችሁ አጥታችኋት ከተሰላቻችሁ፣ ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ግቢ ውስጥ ማታ በባትሪ ሞክሩ። ተኝታ ስለምትገረጣ ከቅጠሉ መሀል ነጭ ሆና ታበራለች፤ ብዙ ጊዜ የምትተኛውም የቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ባትሪውን ወገባችሁ ላይ ሳይሆን ጉንጫችሁ አጠገብ ያዙት፤ ብርሃኑ ከዓይናችሁ ጋር አብሮ ሲሄድ ነው የምትታየው። ሁለት ሦስት ፎቶ ካነሳችሁ በኋላ አጥፉት።

እንቁራሪትን ወንዝ ውስጥ መፈለግ

ከመሀል ከተማ የሚያልፉት ወንዞች ለረጅም ጊዜ ፍሳሽ ሲገባባቸው ኖሯል። ስባሪ ጠርሙስም አለባቸው። ዝናብ ያቆረው የሣር ውስጥ ውሃ፣ የአትክልት ቦታ ኩሬ፣ የጠራ ቦይ ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ መጀመሪያ ጆሮ ስጡ። ድምፁን በስልክ ቅዱት፤ የደጋ ሣር እንቁራሪቶቻችን በመልክ እጅግ ይቀራረባሉ፣ ከፎቶው ይልቅ ጩኸቱ የሚለያቸው ጊዜ አለ። ፎቶውም ከፊት ብቻ አይሁን፦ ጎን፣ ጀርባ፣ የጭን ኋላ ክፍልና ውሃው የሚታይበት አንድ ሰፊ ፎቶ ጨምሩ።

እርጥብ ቆዳ ላይ የተለቀቀ ፍላሽ ነጭ ነጥብ ይተክላል። ፍላሹን በሁለት ድርብ ሶፍት ሸፍኑት።

ሳኒታይዘር፣ ሎሽን ወይም የትንኝ መከላከያ የተቀባ እጅ እንቁራሪት አይነካም። ቆዳዋ ውሃና አየር የሚያስገባ ስለሆነ ኬሚካሉም ይገባል። ጫማም ነገር ያመጣል፦ የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ከኩሬ ወደ ኩሬ በጭቃና በእርጥበት ይጓዛል፣ በብዙ አገሮችም ዝርያዎችን አጥፍቷል። ወደ ሌላ ኩሬ ከመሄዳችሁ በፊት ጭቃውን ፍቃችሁ አጥቡ፣ 5 ከመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጁን በአራት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ሶሉን ንከሩ፣ ከውሃው ርቃችሁ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁ።

የወፍ ድምፅ ከስልክ ማጫወት

ወንዱ ተቀናቃኝ የገባበት መስሎት ጎጆውን ጥሎ ይመጣል። ፎቶው ይገኛል፤ እንቁላሉ ግን ሊቀዘቅዝ ይችላል። በተለይ በመራቢያ ወቅት ተዉት።

ረጅም ሌንስ ይዞ ሳይጠይቁ መግባት

መሀል ከተማ ማለት ቤተ መንግሥት፣ ሚኒስቴርና ኤምባሲ ማለት ነው። ትልቅ ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ወፍ እንደሚያነሳ ማንም አይገምትም። ወደ አጥርና ወደ ጥበቃ ማማ አታነጣጥሩ፤ ወፏ እዚያ ላይ ብታርፍም ትለፋችሁ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይታሰብ። ጥበቃው ከመጠየቁ በፊት ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ ሌንሱን ወደ መሬት አድርጉ፣ «ጋሼ፣ ወፍ ነው የማነሳው፤ ይኸው ይዩት» ብላችሁ ስክሪኑን አሳዩ። ብዙ ጊዜ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ የሚነግራችሁ እሱ ራሱ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በቅዳሴና በቀብር ሰዓት ካሜራ አይወጣም። ሌላ ጊዜም ቢሆን አስፈቅዱ።

ሁሉንም «አሞራ» ብሎ መመዝገብ

ከላይ የሚያንዣብበውን ትልቅ ወፍ ሁሉ አንድ ስም መስጠት ለፎቶው መግለጫ አይበጅም። ጅራቱን እዩ። ጭልፊቱ ጅራቱ ሹካ ነው፣ ሲዞርም ያጣምመዋል። ጥንብ አንሳው ጅራቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊና ጫፉ እንደ ጣት የተዘረጋ ነው፤ ሲያርፍ ቀጭን ምንቃሩና ላባ የሌለው ሮዝ ፊቱ ይታያል። ጅራቱ የዝገት ቀለም ያለው አጭር፣ ሆዱ ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነው ደግሞ ኦገር የሚባለው አዳኝ ወፍ ነው። ቢያንስ አንድ ፎቶ ጅራቱ ተዘርግቶ የሚታይበት ይሁን፣ ቢደበዝዝም አትሰርዙት።

ጎጆ ያለበትን ቦታ መለጠፍ

ያ ሮዝ ፊት ጥንብ አንሳ በከተማችን ስለሚታይ ብዙ ይመስላል። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ግን ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ጎጆው ያለበትን ዛፍ ከነሰፈሩ ስሙ አትለጥፉ። ስልክ የቦታ መረጃን ከፎቶው ጋር ስለሚያስቀምጥ ከማንሳታችሁ በፊት በካሜራው ቅንብር ውስጥ ሎኬሽን የሚለውን አጥፉ። ኢናቹራሊስት (ያያችሁትን እንስሳና ዕፅ የምትመዘግቡበት መተግበሪያ) ላይ ስትመዘግቡ ደግሞ የቦታውን ምርጫ ክፍት ከሚለው ወደ የተደበቀ ቀይሩት፤ መዝገቡ ለሚያጠኑት ይጠቅማል፣ ዛፉ ግን አይታወቅም።