ከላብራቶሪ እስከ ገበያ፦ በፎቶኒክስ ሥራ ለሚፈልጉ አዲስ መጪ የሰሜን ሸዋ ልጆች

ይህ ጽሑፍ ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከአካባቢው ተነሥታችሁ በቅርቡ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውሮፓ ለገባችሁ፣ በተለይም ፊዚክስ፣ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ወይም የቴሌኮም ሙያ ተምራችሁ «ትምህርቴ እዚህ ምን ይሠራልኛል?» ለምትሉ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ፎቶኒክስ ብርሃንን የማመንጨት፣ የመምራትና የመለካት ሙያ ሲሆን ሌዘሩ፣ የፋይበር መስመሩ፣ ካሜራውና ብዙው የሕክምና መመርመሪያ መሣሪያ በውስጡ ይገኛሉ። ብዙዎቻችን መስኩ ዶክትሬት ላላቸው ብቻ የተከፈተ ስለሚመስለን ሳንሞክር ወደ መጋዘን ሥራ እንገባለን። እኔም በደብረ ብርሃን ፊዚክስ ሳስተምር ቆይቼ ስመጣ እንዲሁ አስብ ነበር። በሙያው ውስጥ ስቆይ የተረዳሁት ግን አንድን ግኝት የሚሸጥ ዕቃ ለማድረግ የሚያስፈልገው አብዛኛው ድካም ከግኝቱ በኋላ እንደሚመጣና አሠሪዎች ሰው አጣን የሚሉትም እዚያው ላይ መሆኑን ነው።

የፋይበርን ታሪክ ተመልከቱ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቴዎዶር ማይማን የመጀመሪያውን ሌዘር ያበራው በ1960 ነው። ቻርልስ ካኦ በ1966 ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት፣ መስታወት በደንብ ከጠራ የብርሃን ብክነቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዲሲቤል በታች ሊወርድ እንደሚችል አስረዳ። 20 ዲሲቤል ማለት ከገባው ብርሃን አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ነው፤ የዚያ ዘመን መስታወት ግን ይህንንም አይችልም ነበር። የመስታወት አምራቹ የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች በ1970 ብክነቱን ወደ 17 ዲሲቤል አወረዱት። ዛሬ የሚዘረጋው ፋይበር 0.2 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ስለሚያባክን ከመቶ 95 ያህሉ ብርሃን ኪሎ ሜትሩን አልፎ ይደርሳል። በ1987 ደግሞ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ኤርቢየም የሚባል ንጥረ ነገር የተጨመረበት ፋይበር የደከመውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይለውጥ መልሶ እንደሚያጎለብተው አሳየ። ካኦ የኖቤል ሽልማቱን የተቀበለው በ2009 ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን መስታወቱን የሚያጠሩት፣ ከምድጃው ሥር ክሩን የሚስቡትና እያንዳንዱን ጥቅል የሚለኩት ባለሙያዎች ሥራቸውን ባይሠሩ ኖሮ የ1966ቱ ጥናት ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህ የመሃል ሥራ ምን እንደሚመስል በቅርብ ላሳያችሁ። ተራው የግንኙነት ፋይበር ከነመስታወት ሽፋኑ 125 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይወፍራል፤ ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርቱ ግን 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ይህን ፋይበር ብርሃን ከሚሄድበት ትንሽ ቺፕ ጋር ማጋጠም የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ጫፉን በአልኮል ጠርጌ፣ ቆርጬ፣ መቆረጡ ቀጥ ማለቱን በማይክሮስኮፕ ካየሁ በኋላ የኃይል መለኪያው ቁጥር እስኪያድግ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አስጠጋዋለሁ። ቁጥሩ ከጫፍ ሲደርስ አንዲት ጠብታ ሙጫ አደርግና በአልትራቫዮሌት ብርሃን አደርቀዋለሁ። ሙጫው ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በተኮማተረ ቁጥር ፋይበሩን አንድ ማይክሮን እንኳ ከቦታው ካንቀሳቀሰው በትዕግሥት ያገኘሁት ቁጥር ዓይኔ እያየ ይወርዳል። መፍትሔው የሙጫውን መጠን መቀነስ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ማድረግና ቀስ ብሎ ማድረቅ መሆኑን ያስተማረኝ ዲግሪ የሌለው የረጅም ጊዜ ቴክኒሺያን ነበር። ማጋጠም፣ ማሸግና መፈተሽ የሚባለው ይህ ነው፤ ከአንድ የፎቶኒክስ ዕቃ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ብዙ ጊዜ ቺፑ ሳይሆን ይኸው ሥራ ነው።

ስለዚህ በአገር ቤት የፋይበር መስመር የዘረጋችሁ ሁሉ ልምዳችሁን አትደብቁ። ከደብረ ሲና የመጣ አንድ ወንድማችን ሲቪውን እንዳይለት ቢሰጠኝ የጻፈው ዲግሪውን ብቻ ነበር። ስጠይቀው በጣርማበር ዳገት ላይ ጉምና ነፋስ እያስቸገረው፣ በመኪና ኋላ ሸራ ጋርዶ፣ የተቆረጠ ፋይበር ሲቀጥል እንደኖረ አጫወተኝ። «እሱማ የቀን ሥራ ነው» አለኝ። እኔ ግን ስንት ቅጥያ እንደሠራ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚጠፋው ብርሃን ስንት ዲሲቤል እንደነበር፣ በየትኛው ማሽን እንደቀጠለ፣ ጉዳቱ ያለበትንም ቦታ በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ ከሚመለሰው ርቀቱን በሚለካ መሣሪያ) እንዴት እንደሚያገኝ አንድ በአንድ እንዲጽፍ አደረግሁት። ቀጣሪው በቃለ መጠይቁ ከዲግሪው ይልቅ በዚያ ገጽ ላይ ቆየ፤ ወንድማችን አሁን የሌዘር ፋይበር በሚቀጠልበት ክፍል ውስጥ ይሠራል።

ቦታን በተመለከተ፣ ይህ ኢንዱስትሪ በየከተማው አይገኝም፤ ዘመድ ያለበት ከተማ ላይ ሳትወስኑ በፊት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሮቸስተር፣ ኒው ዮርክ ከካሜራና ፊልም ሠሪው ኮዳክ ዘመን ጀምሮ የኦፕቲክስ (የሌንስና የብርሃን ሙያ) ከተማ ናት፤ የዩኒቨርሲቲዋ የኦፕቲክስ ተቋም በ1929 የተመሠረተ ሲሆን፣ በዚያው ያለው የሞንሮ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለቴክኒሺያኖች የሁለት ዓመት ትምህርት ይሰጣል። ቱሳንና ኦርላንዶም እንዲሁ ናቸው። በካናዳ በዌላንድ ከተማ የሚገኘውን የናያጋራ ኮሌጅን የፎቶኒክስ ትምህርት ተመልከቱ። ጀርመን የገባችሁ፣ የሌንስ ሠሪው ዛይስ ኩባንያ በ1846 የተቋቋመባት ዬና ዛሬም የሙያው መዲና ናት፤ የኦፕቲክስ መስታወት የመቅረጽና የመሞረድ ሙያ እየሠሩና ደመወዝ እያገኙ በሦስት ዓመት ተኩል ይማሩታል። ለወጣቶች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ ቋንቋውን ግን አስቀድማችሁ ጠንክራችሁ ያዙ። በሆላንድ በአይንድሆቨን አካባቢ የፎቶኒክ ቺፕ ኩባንያዎች አሉ፤ በአጠገባቸው የሚገኘው የቺፕ ማተሚያ ማሽን ሠሪው ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. ደግሞ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሴኮንድ 50,000 ጊዜ በሌዘር እየመታ የ13.5 ናኖሜትር ብርሃን የሚያመነጭ ማሽን ይሠራል።

በአሜሪካ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ የሌዘር ኩባንያዎች ለመከላከያ ስለሚሠሩ ማስታወቂያቸው «ዩ.ኤስ. ፐርሰን» መሆንን ይጠይቃል፤ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ ዜግነት የተጠየቀ መስሏቸው ያልፉታል። በኤክስፖርት ቁጥጥር ሕጉ መሠረት ቃሉ ዜጋን ብቻ አይመለከትም። በዲቪም ሆነ በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ የያዘ ቋሚ ነዋሪ፣ በስደተኝነት ተቀባይነት ያገኘና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰውም በውስጡ ይካተታል። የደኅንነት ፈቃድ የሚጠይቀው ሥራ ግን በአብዛኛው ዜግነት ይፈልጋል። ማስታወቂያውን ስታነቡ ሁለቱን ለዩ።

የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ምርምር የምታካሂዱ ደግሞ ከማሳተም በፊት የዩኒቨርሲቲያችሁን የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ አነጋግሩ። በአውሮፓ ሕግ ግኝቱ ከፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻው በፊት በማንኛውም መንገድ፣ በጉባኤ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፖስተር እንኳ፣ ለሕዝብ ከቀረበ አዲስነቱ ይጠፋል፤ አሜሪካ የአንድ ዓመት ፋታ ትሰጣለች። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወጣት በአንድ ጉባኤ ላይ ደስ ብሎት ባቀረበው ፖስተር ምክንያት የአውሮፓ ፓተንቱን አጥቷል፤ አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም፣ ይህም እስካሁን ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከገባ በኋላ ለሌሎች አገሮች ለማመልከት 12 ወር አላችሁ። የፓተንቱ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው እንደሚሆን፣ የእናንተም ድርሻ በደንቡ ላይ እንደሚጻፍ ዕወቁና ውላችሁን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ናሳ የጀመረው የቴክኖሎጂ ብስለት መለኪያ ከ1 እስከ 9 ደረጃ አለው፤ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ላይ ይቆማል፤ ገንዘብ የሚያልቀውና ኩባንያ የሚሞተውም ከዚያ ወዲያ ባለው አቀበት ላይ ነው። የሚሻገሩም አሉ፦ ከሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በ2000 የወጣው ኤስ.ፒ.አይ. ሌዘርስ የተባለ ኩባንያ በ2008 በጀርመኑ የማሽንና የሌዘር ኩባንያ ትሩምፍ ተገዝቷል። ዕድሜዬ ገፋ ለምትሉም፣ የሌዘር አምራቹ የአይ.ፒ.ጂ. ፎቶኒክስ መሥራች ቫለንቲን ጋፖንትሴቭ በሩሲያ ተመራማሪ ሆኖ ኖሮ ኩባንያውን የጀመረው ሃምሳ ዓመት ከሞላው በኋላ፣ በ1990 ነው።

ስለ ሰነድ አጭር ቃል ልጨምር። ትራንስክሪፕታችሁን ከሪጅስትራር በታሸገ ፖስታ ለማስወጣት አሁኑኑ ጀምሩ፤ እዚህ ሆኖ ማስላክ ወራት ይፈጃል። በሰነዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሲቪያችሁ ላይ በጥንቃቄ ቀይሩት፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ይጨመራል፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በ2018 ተመርቋል ማለት ነው። በዚህ ልዩነት ምክንያት ሰነዱ የተጠረጠረበት ሰው አውቃለሁ።

ሰው ለማወቅ ኤስ.ፒ.አይ.ኢ. እና ኦፕቲካ የሚባሉትን የሙያ ማኅበራት ተቀላቀሉ፤ የተማሪ ክፍያቸው ዝቅተኛ ነው። ማይማን ሌዘሩን ባበራበት ቀን፣ ግንቦት 8 (በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 16)፣ የዓለም የብርሃን ቀን ስለሚከበር በየአገሩ በርካታ ተቋማት ለጎብኚ በራቸውን ይከፍታሉ። ስትሄዱ አስጎብኚው ትልቁን ሌዘር ሊያሳያችሁ ይቸኩላል፤ እናንተ ግን በትሕትና «መገጣጠሚያና መፈተሻ ክፍላችሁን ማየት እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እዚያ የሚሠራውንም ሰው እንዴት እንደተቀጠረ ጠይቁት።