የጨው ውሃ አኳሪየም ለጀማሪ፦ ውሃውን እንዴት እንመረምራለን?

ባሕር ዳር በስሟ ባሕር ብትይዝም ጣና ጨው የሌለው ውሃ ነው። እዚህም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሳሎኑ ውስጥ ኮራል (ድንጋይ መስሎ የሚያድግ የባሕር እንስሳ) ላሳድግ ብሎ የተነሣ ሰው ባሕሩን ራሱ መሥራት አለበት። መቶ ሊትር ውሃ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ስህተት ቶሎ ይታይበታል።

ዓይንን ማመን አይቻልም። አሞኒያ፣ ማለትም ከአሳ ቆሻሻና ከምግብ ትርፍ የሚመጣው መርዝ፣ የገባበት ውሃ እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ብሎ ይታያል፤ ውስጡ ያለው አሳ ግን አየር ያጠረው ይመስል ያለከልካል። ስለዚህ ከአሳውም ከኮራሉም በፊት መመርመሪያዎቹን ያዘጋጁ፦ ጨዋማነት የሚለካ ሪፍራክቶሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ እንዲሁም የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬት፣ የፒኤች (የውሃውን አሲድነት የሚያሳይ ቁጥር) እና የአልካሊኒቲ (በዋናነት በውሃው ውስጥ ያለው የካርቦኔት መጠን) መመርመሪያ ጠብታዎች። የካልሲየም፣ የማግኒዚየምና የፎስፌቱ ኮራል ሲገባ ይደርሳል። ጠብታዎቹን ሲገዙ የማብቂያ ቀናቸውን ይዩ፤ ጊዜው ያለፈበት ጠብታ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

መነሻውን ውሃ ያረጋግጡ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና የተለያየ ማዕድን ስላለበት በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያልፋል። ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚለካ) ሲለኩት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ማሳየት አለበት። ጨው ሲባልም የወጥ ጨው ወይም አሞሌ አይደለም። ኮራል ካልሲየምና ማግኒዚየም ይፈልጋል፤ ለባሕር አኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀው ጨው ብቻ ነው እነዚህን በልኩ የያዘው።

ጨዋማነቱን ይለኩ። በመጀመሪያ ሪፍራክቶሜትሩን 35 (በአንድ ኪሎ ውሃ 35 ግራም ጨው) ተብሎ በተዘጋጀው ማስተካከያ ፈሳሽ ያስተካክሉት። ከዚያ ከአኳሪየሙ ሁለት ሦስት ጠብታ መስታወቱ ላይ ያድርጉ፣ አየር እንዳይገባ ክዳኑን ቀስ ብለው ይክደኑ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር 35 ላይ ሊያርፍ ይገባል፤ የውሃውን ክብደት ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚያነጻጽረው በሌላኛው መስፈሪያ 1.026 አካባቢ ማለት ነው።

ወጥ ሲንተከተክ ውሃው እያጠረ ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከአኳሪየሙ ውሃው ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። እኔ ይህን ሳላውቅ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ እየሞላሁ ከረምኩ። በሁለት ሳምንት መለኪያው 39 ደረሰ፤ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውለው ኮራል ተኮማተረ። ቀስ እያልኩ ለመመለስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። የተነነውን የሚተካው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ብቻ ነው።

አሞኒያና ናይትራይት። አዲስ አኳሪየም፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ እስኪደራጅ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ በየሁለት ቀኑ ይመርምሩ። ብልቃጡን በሚመረመረው ውሃ ሁለቴ ያለቅልቁት፤ በሳሙና ከታጠበ ቅሪቱ ውጤቱን ያዛባል። እስከ ምልክቱ ይሙሉ፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ ዘቅዝቆ ጠብታዎቹን ይቁጠሩ፣ መመሪያው ያለውን ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙን በመብራት ሳይሆን በመስኮት ብርሃን ከካርዱ ጋር ያስተያዩ። ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ አሳ አይግባ። የናይትሬቱ ጠርሙስ በደንብ ካልተናጠ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ እጅዎ እስኪደክም ይናጡት። ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን ጥሩ ነው። ጭራሽ ዜሮ እንዲሆን አይመኙ፤ ኮራሉም ከእሱ ይመገባል።

አልካሊኒቲ። ከሁሉም በላይ ልብ የምለው ይህን ነው፤ ኮራል አጥንቱን የሚገነባው ከካልሲየሙ ጋር ከዚህ ስለሆነ ያደገ ቁጥር ከውሃው ይወስዳል። በስሪንጅ ውሃ ሲቀዱ የአየር አረፋ አይግባ። ጠብታ በጨመሩ ቁጥር እየነቀነቁ ይቁጠሩ፤ መመሪያው ያለው የቀለም ለውጥ ሲመጣ፣ በአንዳንዶቹ መመርመሪያዎች ለምሳሌ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ ያቆማሉ። ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ለጀማሪ ምቹ ነው። ዋናው ግን አንድ ቦታ መርጋቱ ነው፤ በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳያደርጉት። ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም ደግሞ 1300 ሚሊ ግራም በሊትር አካባቢ ይሁን።

ፒኤች። ከ8.0 እስከ 8.4 ይፈለጋል፤ ጠዋት ዝቅ፣ ማታ ከፍ ማለቱ ተፈጥሮው ስለሆነ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። በቤታችን ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። በር ዘግቶ በከሰል ቡና ሲፈላ ክፍሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላል፤ ያም ወደ ውሃው ገብቶ ፒኤቹን ይጥለዋል። ከሰዓት 8.2 ይመጣልኝ የነበረው ቁጥር ቡና በተፈላበት ቀን 7.9 ሆኖ አገኘሁት። መድኃኒት አልጨመርኩም፤ መስኮት ከፈትኩ፣ ምድጃውን ወደ በረንዳ አወጣነው፣ በማግስቱ ተመለሰ። የከሰል ጭስ ለሰውም አደገኛ ስለሆነ ይህን ልማድ ያድርጉት።

ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ የደብረ ማርቆስ ሌሊት ያለ ማሞቂያ አይቻልም። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ከባሕር ጠረፉ ያነሰ ነው። የውሃው ገጽ ሁልጊዜ ይንቀሳቀስ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ አየር ማስገቢያም አጠገብዎ ይኑር።

ውጤቱን ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተር ይጻፉ። ጨዋማነትና ሙቀት በየቀኑ፣ አልካሊኒቲ በሳምንት ሁለቴ፣ ናይትሬትና ፎስፌት በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ያልጠበቁት ቁጥር ከመጣ ምንም ሳይጨምሩ ምርመራውን ይድገሙት። ዳግመኛም ያው ከሆነ፣ ጨዋማነቱና ሙቀቱ በተስተካከለ አዲስ ውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶውን ይቀይሩ። የተመረመረው ውሃ ኬሚካል ስላለበት ወደ አኳሪየሙ አይመለስም፤ ብልቃጡን በተጣራ ውሃ አለቅልቀው ዘቅዝቀው ያድርቁ፣ ጠብታዎቹንም ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።