የፎገራን ጎርፍ በሳተላይት ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በራዳር ምስል ላይ ጥቁሩን ብቻ ውሃ ማለት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ሳይታረም በየክረምቱ ይደገማል። የረጋ ውሃ የራዳሩን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ወደ ሳተላይቱ የሚመለስ ነገር የለም፤ ምስሉ ይጠቁራል። ይህ ለገላጣ ሜዳ እውነት ነው። ርብና ጉማራ ጣና በሚገቡበት ዳርቻ ግን ውሃው የሚተኛው ፊላና ረጅም ሣር መሃል ነው። ሞገዱ ውሃውን ይመታል፣ ከውሃው ነጥሮ የቆመውን አገዳ ይመታል፣ ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ስለዚህ የተጥለቀለቀው ቦታ ከበጋው ይልቅ ይደምቃል። ጥቁር ብቻ የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ «ደረቅ» ብሎ ያወጣዋል፤ ቤታቸው በውሃ የተከበበ ሰዎች ከካርታው ውጭ ይቀራሉ።

መፍትሔው ልዩነትን ማየት ነው። ሴንቲኔል-1 የተባለውን የራዳር ሳተላይት የጎርፍ ቀን ምስል ከሰኔ መጀመሪያ ምስል ጋር ያነጻጽሩ፤ ሁለቱም ከአንድ የምህዋር መስመር ይሁኑ። የማለዳውን ማለፊያ ከምሽቱ ጋር ካቀላቀሉ የሚያገኙት ልዩነት የጎርፍ ሳይሆን የአቅጣጫ ነው። ቪቪ (በቁም ተልኮ በቁም የሚመለሰው ምልክት) በ3 ዴሲቤል (የምልክት ጥንካሬ መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ገላጣ ውሃን ይጠርጥሩ። ቪቪ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ወጥቶ ቪኤች (በቁም ተልኮ በአግድም የሚመለሰው ምልክት) እምብዛም ካልተንቀሳቀሰ አገዳ ሥር የተኛ ውሃን ይጠርጥሩ። ሁለቱ አብረው ከወጡ ብዙ ጊዜ ያደገ ተክል ወይም የረጠበ አፈር ነው። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ መስክ ላይ በተወሰዱ ነጥቦች ይስተካከሉ።

ጥቅጥቅ ያለ ደንገል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሴንቲኔል-1 ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቅጠሉን አልፎ ውሃው ጋ አይደርስም፤ ምስሉ አይጠቁርም፣ አይደምቅም። እንዲህ ያለውን ቦታ «አይታወቅም» ብለው በራሱ ቀለም ያስቀምጡት። 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያላቸው ራዳሮች የተሻለ ይገባሉ፤ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) የመጠቀችው ኒሳር አንዷ ናት። ሐይቁ ላይ የተንጣለለ እምቦጭም በራዳር የብስ ይመስላል፤ ቋሚውን የሐይቅ ወሰን አስቀድመው ይቁረጡ።

የሩዝ ማሳን እንደ ጎርፍ መቁጠር። ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ገበሬው በእርከን አግዶ ያቆመው ውሃ በክረምት መጀመሪያ ልክ እንደ ጎርፍ ይጠቁራል። የሦስት አራት ዓመት ምስሎችን ደርድረው በየዓመቱ በዚያው ወቅት ውሃ የሚይዙትን ማሳዎች ይለዩ፤ ዘንድሮ ከእነሱ አልፎ የሄደው ነው ጎርፉ።

የክረምቱን ምስሎች ማማከል። ጥቂት ቀን የቆየ ጎርፍ በወራት አማካይ ውስጥ ይጠፋል። ማማከል የግድ ከሆነ ደግሞ ዴሲቤሉን ወደ ቀጥተኛ (ሎጋሪዝም ያልሆነ) ቁጥር መልሰው ነው።

ውሃን ከየብስ ለመለየት ከሌላ አገር የተቀዳ የመቁረጫ ቁጥር መጠቀም። አውቶማቲክ መቁረጫም ቢሆን ምስሉ ውስጥ ውሃና የብስ ተቀራራቢ ድርሻ ከሌላቸው ይሳሳታል። ሐይቁንም መሬቱንም የያዘ ቁራጭ ከዳርቻው ወስደው እዚያ ላይ ያስሉ። ነፋስ ጣናን ሲያናውጥ ቪቪ ስለሚደምቅ ሐይቁ መሃል «ደሴት» ይፈጠራል፤ በቪኤች ያረጋግጡ።

ነሐሴን በሴንቲኔል-2 (በራዳር ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን በሚያነሳው ሳተላይት) ብቻ መከታተል። ደመናው አያሳይም፤ የደመና ጥላም ውሃ መስሎ ይገባል። ቀዳዳ ሲገኝ ባንድ 3ን (አረንጓዴ ብርሃን) ከባንድ 11 (አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ) ጋር ያነጻጽሩ፤ ደለል የተሸከመው የርብ ውሃ በባንድ 8 (ቅርብ ኢንፍራሬድ) ሲታይ ከመሬት ጋር ይምታታልና።

ቀን ማምታታት። የወረዳው ሪፖርት ነሐሴ 12 ሲል ምስሉን የሚፈልጉት በኦገስት 18 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ፋይሉ የሚጻፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ስለሆነ 03 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። አንድ ሳተላይት በዚያው መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ስለሆነ የአንድ ቀን ስህተት ሙሉ ጎርፍ ሊያሳልፍ ይችላል።

«95 በመቶ ትክክል» በሚል መርካት። ከ100 ነጥብ 5ቱ ብቻ ከተጥለቀለቁ፣ ሁሉን ደረቅ ያለ ካርታም 95 ያገኛል። ከተጥለቀለቁት ስንቱን እንዳገኘ፣ ካርታው ጎርፍ ብሎ ከለያቸውም ስንቱ እውነት እንደሆነ ለየብቻ ይጻፉ። ስፋቱን በሄክታር ሲያሰሉ ለጣና በዩቲኤም (የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37ን፣ ለጋምቤላ የባሮ ሜዳ ዞን 36ን ይጠቀሙ።