በማይል የሚሰጥ ወንበር አፈላለግ፦ ወደ ጎጃም ለሚመጣና ከጎጃም ለሚወጣ መንገደኛ

ማይል (ደጋግሞ የሚበር ደንበኛ በአየር መንገድ ፕሮግራም የሚያጠራቅመውና በትኬት የሚለውጠው ነጥብ) መኖሩና ወንበር መኖሩ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ወይም በፍራንክፈርት የሚኖሩ ብዙ ዘመዶቻችን ለዓመታት ያጠራቀሙትን ማይል ይዘው ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር ለመምጣት ሲያስቡ፣ ወይም ደምበጫ ያለች እናታቸውን ወደ እነርሱ ለማስመጣት ሲነሡ፣ አስቀድመው የሚጠይቁት «ስንት ማይል ይፈጃል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ሁለተኛ መሆን ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «አየር መንገዱ በዚያ ቀን በማይል የሚሰጠው ወንበር አለው ወይ?» የሚለው ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም የሚያተኩረው በእርሱ ላይ ብቻ ነው።

በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያሉ ወንበሮች ጎን ለጎን ቢሆኑም በሽያጭ መዝገቡ ላይ በፊደል በተለዩ ምድቦች ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ስታር አሊያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባላት መካከል በማይል የሚሰጠው የኢኮኖሚ ወንበር በተለምዶ «ኤክስ»፣ የቢዝነስ ክላስ ወንበር ደግሞ «አይ» በሚሉት ፊደላት ይታወቃል። አየር መንገዱ ወንበሩን በጥሬ ገንዘብ እንደሚሸጠው ተስፋ እስካለው ድረስ እነዚህን ምድቦች አይከፍትም ወይም አንድና ሁለት ወንበር ብቻ ያስቀምጥባቸዋል፤ በመሆኑም አውሮፕላኑ ገና ግማሹ እንኳ ሳይሸጥ በማይል የሚሰጥ አንድም ወንበር ላይገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ አየር መንገዶች ለራሳቸው አባላት ከሚከፍቱት ያነሰ ወንበር ለሸሪኮቻቸው አባላት መክፈታቸው የተለመደ ስለሆነ፣ የሼባማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም) አባል የሚያየው ወንበር በሌላ አየር መንገድ ማይል ለሚፈልግ ሰው ላይታየው ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው። ስለዚህ በእርሱ አውሮፕላን ለመሄድ የግድ ሼባማይልስ አያስፈልግም፤ በአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ «ማይሌጅፕላስ» ወይም በኤር ካናዳ «ኤሮፕላን» (ስሙ ከአውሮፕላን ጋር እንዳይምታታ) ፕሮግራም ማይል ያለው ሰውም በማይሉ የአዲስ አበባን በረራ መያዝ ይችላል። ሰው የሚሳሳተው የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ሲለይ ነው። አንድ ጎረቤታችን ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን የዩናይትድ አባልነት ቁጥር በወረቀት ጽፈው ባሕር ዳር ወደሚገኝ ትኬት ቢሮ ሄደው ነበር፤ ያስተናገደቻቸው ልጅ ቁጥሩን አይታ «አባባ፣ ይኼን የሚያወጣው ማይሉን የያዘው ድርጅት ነው» ብላ በትሕትና መለሰቻቸው። ልጅቱ ትክክል ናት። ወንበሩ የየትኛውም አየር መንገድ ይሁን፣ ፍለጋውም ሆነ ትኬት ማውጣቱ የሚከናወነው ማይሉ በተቀመጠበት ፕሮግራም ድረ ገጽ ወይም ስልክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ጉዞውን መቆራረጥ ነው፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲይዝ እመርጣለሁ። አብዛኛው ሰው በመነሻው ላይ «ዋሽንግተን»፣ በመድረሻው ላይ «ባሕር ዳር» ብሎ ይጽፍና «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያገኝ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩ ያለው ሁለቱን በረራዎች አንድ ላይ አላገኘሁም ነው፤ ረጅሙ በረራ ወንበር እያለው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ያለው የአንድ ሰዓት ገደማ በረራ በዚያ ቀን ስለጠበበ ብቻ ፍለጋው በሙሉ ባዶ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ጠባቡን በር መፈለግ ይገባል፤ ጠባቡ በር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውቅያኖስ አቋራጩ በረራ ነው። መነሻውን ዋሽንግተን፣ መድረሻውን አዲስ አበባ አድርጎ፣ ደርሶ መልሱን ትቶ መሄጃውን ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ መፈለግ፤ ዋሽንግተን ካልተገኘ ኒውአርክን፣ ቺካጎን፣ አትላንታንና ቶሮንቶን በየተራ መሞከር፤ ወንበር ያለባቸውን ቀናት በወረቀት ላይ መጻፍ። የመመለሻው ፍለጋም እንዲሁ ለብቻው ይደረጋል። የአገር ውስጡ ቁራጭ የሚጨመረው ረጅሙ በረራ ከተገኘ በኋላ ነው። ተቃራኒውም እንደሚያጋጥም ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ ቁራጩ ለብቻው ሲፈለግ ይታጣና ከሌላ በረራ ጋር ተያይዞ ሲፈለግ ይገኛል፤ ምክንያቱም አየር መንገዶች ወንበር የሚከፍቱት የመንገደኛውን ጠቅላላ ጉዞ አይተው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ሁለቱም መንገዶች መሞከር አለባቸው።

በድረ ገጾቹ ላይ ካሉት ማጣሪያዎች መካከል «ያለ ማረፊያ ብቻ» የሚለውን ምልክት አለማድረግ ይሻላል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ በመሆኑና በስስ አየር ላይ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ስለሚያስቸግር፣ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች ብዙውን ጊዜ እንደ ሎሜ ባለ ቦታ ያርፋሉ። ማጣሪያው እነዚህን በረራዎች በሙሉ ከፊታችን ይሰውራቸዋል።

ስለ ቀን ሲነሣ፣ የጎጃም ሰው ወደ አገሩ የሚመጣበት ጊዜ ሁሉም ሰው የሚመጣበት ጊዜ መሆኑን መቀበል ይገባል። ገና፣ ጥምቀት፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ትንሣኤ፣ እንዲሁም የውጭ አገር ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ ወንበር የሚጠብባቸው ወራት ናቸው። ነገር ግን ጥበቱ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ሲሞላ ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሊላላ ይችላል፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ በጥር ልጆቿን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር ትጋፋለች፤ በታኅሣሥ ብትሄድ ግን ከሰዉ ተቃራኒ ስለምትጓዝ ዕድሏ የተሻለ ነው። በዓሉን አገሩ ላይ ማክበር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የመምጫውን ቀን ወደ ኅዳር መጨረሻ መሳብ ወይም የመመለሻውን ወደ የካቲት መግፋት ቢችል ብዙ ይቀለዋል።

ወንበሮቹ የሚከፈቱባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ። አንደኛው አየር መንገዱ የበረራ መርሐ ግብሩን ለሽያጭ ሲያወጣ፣ ማለትም በረራው አሥራ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ነው፤ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ፍለጋውን ከሞላ ጎደል ካለፈው ጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ማድረግ አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ሳይሸጥ የቀረ ወንበር በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚለቀቅበት ጊዜ ነው። ይህ ግን ቪዛው በእጁ ላለና ዛሬ ተነሥ ቢባል ለሚነሣ ሰው እንጂ ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ሰው አይሆንም።

የመንገደኞች ቁጥር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራት ሰው ብሎ የፈለገ ሰው አራቱም በአንድ ምድብ፣ በአንድ በረራ ካልተገኙ የሚያገኘው መልስ ባዶ ነው፤ ሦስት ወንበር እንዳለ የሚነግረው የለም። ለአንድ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት እያሉ መጨመር ምን ያህል ወንበር እንዳለ ያሳያል። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ተካፍለው በሁለት ተከታታይ ቀናት ቢጓዙ የሚጎዳቸው ነገር የለም።

በቀጥታው መስመር ከታጣ፣ በሸሪክ አየር መንገዶች ዞሮ መምጣት ይቻላል፦ በፍራንክፈርት በሉፍታንዛ፣ በኢስታንቡል በቱርክ አየር መንገድ፣ በካይሮ በግብፅ አየር። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚጠነቀቅበት ጉዳይ አለ። ኢትዮጵያ በሸንገን አገሮች ሕግ የአየር ማረፊያ መሸጋገሪያ ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ አውሮፕላን ብቻ የሚቀይር ሰውም ቢሆን ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው መንገደኛ ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ስለዚህ በፍራንክፈርት የሚያልፍ ወንበር ከመያዙ በፊት የመንገደኛው ቪዛ የሚያበቃበት ቀን ከመመለሻው ቀን ጋር መነጻጸር አለበት።

አሁን ገንዘብና ልብ ወደሚያደርቀው ጉዳይ ልምጣ። በድረ ገጽ ላይ የሚታይ ወንበር ሁሉ በእውነት ያለ ወንበር አይደለም፤ የአንዱ ፕሮግራም መዝገብ ከአየር መንገዱ መዝገብ ጋር ቶሎ ሳይናበብ ሲቀር ቀድሞ የተያዘ ወንበር እንዳለ ሆኖ ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሽ እኅቴ ለእናታችን የቢዝነስ ክላስ ወንበር አይታ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለችልኝ፤ «እታለም፣ አገኘሁላት!» ብላ በዚያው ሌሊት በክሬዲት ካርዷ ስትገዛ ያጠራቀመችውንና ወደ ማይል የሚለወጠውን ነጥብ በሙሉ ወደ አንድ የማይል ፕሮግራም አዛወረች። ሲነጋ ትኬቱን ልታወጣ ስትል የመጨረሻው ገጽ ስሕተት አለ እያለ መለሳት፤ በስልክ ስትጠይቅም ወንበሩ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ነጥቡ ወደ ካርዱ አልተመለሰም፤ አንዴ ከተዛወረ የሚመለስበት መንገድ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እርሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልቀረላትም።

ለዚህ መድኃኒቱ ወንበሩን በሁለት ቦታ ማረጋገጥ ነው። በኤሮፕላን የታየው በዩናይትድም ከታየ የመኖሩ ዕድል ከፍ ይላል። ከዚያም የመንገደኛውን ስም ሞልቶ እስከ ክፍያው ገጽ ድረስ መሄድ፣ ወይም ወደ ፕሮግራሙ ደውሎ የበረራውን ቁጥር፣ ቀኑንና ምድቡን በፊደሉ ጠርቶ ወንበሩ መኖሩን ማስረገጥ ያስፈልጋል። በስልክ የሚመልሰው ሠራተኛ «የለም» ቢል ወዲያው አለመቀበል አይከፋም፤ እርሱም እንደ እኛው ከመነሻ እስከ መድረሻ በአንድ ጊዜ ፈልጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየነገሩ እንዲያያይዛቸው መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ነጥብ የሚዛወረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የቼዝ ባንክ ነጥብ ወደ ዩናይትድም ወደ ኤሮፕላንም ይዛወራል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ወደ ኤሮፕላን እንጂ ወደ ዩናይትድ አይዛወርም። ሁለቱም ወደ ሼባማይልስ አይሄዱም።

በየቀኑ ተቀምጦ መፈለግ የማይችል ሰው እንደ ሲትስ ኤሮ እና ኤክስፐርትፍላየር ያሉ አገልግሎቶች ወንበር ሲከፈት በኢሜይል እንዲያሳውቁት ማድረግ ይችላል። ለአንድ ጉዞ ብቻ ሲባል መክፈሉ የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድሞ ያመዛዝን።

ረጅሙ በረራ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ከቦሌ ጎጃም መግባት ነው። ባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው በረራ በዚያው ትኬት ላይ ቢካተት ይመረጣል፤ ሻንጣውም አብሮ ይመዘገባል፣ አንዱ ቢዘገይ ሌላውን የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ነው። በማይል ካልተገኘና ለብቻው በገንዘብ ከተገዛ ግን መዘግየቱ የመንገደኛው ዕዳ ስለሚሆን፣ በተለይ ወደ ውጭ በሚሄዱበት ጊዜ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር ይገባል። አዲስ አበባ ሰንብቶ መምጣት የሚፈልግ ሰው በኤሮፕላን ማይል ከሆነ በአንድ መንገድ ትኬት ላይ 5000 ነጥብ ጨምሮ በመካከል መቆየት ይፈቀድለታል። የደብረ ማርቆስ ሰው ደግሞ ባሕር ዳርን የግድ መድረሻው ማድረግ የለበትም፤ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ዳር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ የአባይ በረሃን መንገድ የዕለቱን ሁኔታ አጣርቶ በምቾቱ ይምረጥ።

ትኬቱ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው ስም ነው፤ የአያት ስም በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል ሳይለወጥ መግባት አለበት። ሁለተኛው ቀን ነው። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ የሚቆጠረው ካለፈው ቀን ጋር ሲሆን፣ በትኬቱ ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው። ጥምቀትን ጥር 11 ቀን አክብሮ፣ ለ12 አጥቢያ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል የሚነሣ መንገደኛ በትኬቱ ላይ የሚያየው 00:30 የሚል ሰዓት ስለሆነ፣ መፈለግ ያለበት ጃንዋሪ 19ን ሳይሆን ጃንዋሪ 20ን ነው፤ ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ይጨምራል።