እስክሪብቶ የማይቀበለው ቢዝነስ ካርድ እንዴት ተስተካከለ

የቢሯችን ቢዝነስ ካርድ ሲያዩት ያምራል፤ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ሲጽፉበት ግን እስክሪብቶው ይንሸራተታል፣ የተጻፈውም በአውራ ጣት ሲነካ ይጠፋል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። ሰው ካርድ ሲቀበል ማስታወሻ ይጽፍበታልና።

ለካ ካርዱ በሁለቱም በኩል የሚያብረቀርቅ ላሚኔሽን (የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ) አለው። ፕላስቲኩ ቀለሙን ወደ ወረቀቱ አያሰርገውም፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ፊቱን ብቻ ላሚኔት ማስደረግም አስበን ነበር፤ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ብቻ ሲለጠፍ ግን ካርዱን ሊያጎብጠው ይችላል። ስለዚህ ላሚኔሽኑን ጭራሽ ትተን፣ ከፋብሪካው አንድ ፊቱ ብቻ ልባስ (ወረቀቱን የሚያለሰልስ ስስ ቅብ) ያለው 350 ግራም ካርድ መረጥን (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው)። አሁን ከፊት ያለው አርማ ደማቅ ነው፣ ጀርባው ላይ ደግሞ እንደልብ ይጻፋል። በጣም ነው የወደድኩት።

ለደብዳቤ ወረቀታችን 100 ግራም ልባስ የሌለው በቂ ሆነ። በሌዘር ፕሪንተር የሚያልፍ ከሆነ ግን የአርማው ቀለም ሙቀት የሚችል መሆኑን ማተሚያ ቤቱን ጠይቁ።

ከማዘዛችሁ በፊት ባዶ ናሙና ተቀብላችሁ ጻፉበት፤ ትንሽ ቆይታችሁ በጣት እሹት።