በሲድኒ ወይራ መንቀል፦ የሰፈር ጫካ ለመጠበቅ ለምትመጡ አዲስ በጎ ፈቃደኞች

የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። አስተባባሪያችን ጓንትና መጋዝ ሰጥታኝ «ዛሬ የምናጠፋው ይህን ነው» ብላ አንድ ቁጥቋጦ አሳየችኝ። ቅጠሉን ገልብጬ አየሁት፤ ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ። ቀንበጡን ሰብሬ አሸተትኩት። ወይራ ነው። እናቴ ሽሮ ሜዳ የጠላ ጋኗን የምታጥንበት፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን የሚፍቅበት ወይራ። መጋዙን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እንባዬ መጣ።

ይህ የሆነው ብላክታውን ውስጥ፣ ኢስተርን ክሪክ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ ባለው የሰፈራችን ጫካ ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ሳላቋርጥ እሄዳለሁ፤ አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሰሞኑን ከቤተ ክርስቲያን ሦስት እህቶች «እኛም እንምጣ፤ ግን ምን ይዘን፣ ምን ልንሠራ?» ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱ ያወራሁትን ሌላውም እንዲያገኘው እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ለምን ወይራ?

ምዕራብ ሲድኒ ቤትና መንገድ ከመሆኑ በፊት የኩምበርላንድ ሜዳ ጫካ የሚባል የተበታተነ ዛፍና ሣር ያለበት አገር ነበር፤ ባለቤቶቹም ዳሩግ የሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝብ ናቸው። ዛሬ ከዚያ ጫካ ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አልቀረም። የቀረውም እንደ እኛ ሰፈር ያለ በቤቶች መካከል የተረሳ ቁራጭ ነው። ዛፎቹ ግሬይ ቦክስ፣ ፎረስት ሬድ ገም፣ አይረንባርክ ይባላሉ። ሁሉም ባሕር ዛፍ ናቸው። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው፤ በአጤ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዙሪያ ተራቁቶ ማገዶ ሲጠፋ ነው የተተከለው። እናቴ ከእንጦጦ ቅጠሉን ጠርጋ ስትመጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ባላገሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው የእኛ ወይራ።

ወይራን ወደዚህ ያመጡት በፈረንጆቹ 1800ዎቹ ነው፤ አጥር እንዲሆንም ይተክሉት ነበር። ፍሬውን ወፎች ይበሉታል፣ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል። አገር ቤት ወይራን ፍየል ይቀነጥበዋል፣ ሰው ለማገዶ፣ ለእጀታ፣ ለመፋቂያ ይቆርጠዋል። እዚህ የሚነካው የለም። ጥላው ዓመቱን ሙሉ ስለማይነሣ ከሥሩ ሣርም አበባም አይበቅልም፤ የባሕር ዛፉ ቡቃያም ብርሃን አጥቶ ይሞታል። ያረጀው ባሕር ዛፍ ሲወድቅ የሚተካው ልጅ የለውም። ማውንት አናን ባለው ትልቁ የዕፅዋት ማዕከል በኩል ያለፋችሁ ወይራ ኮረብታውን እንዴት እንደወረሰው ሳታዩ አትቀሩም።

ይህን ሲያስረዱኝ ነው እጄ ወደ መጋዙ የተመለሰው።

ምዝገባና ልብስ

የአካባቢያችሁን ካውንስል (ማዘጋጃ ቤት) «ቡሽኬር» ብላችሁ ጠይቁ፤ በበጎ ፈቃድ ጫካ መንከባከብ ማለት ነው። ምዝገባው ነፃ ነው። ጓንትና መሣሪያ እነሱ ይሰጣሉ፤ ኢንሹራንሱም የሚሸፍናችሁ ስትመዘገቡና በየዕለቱ ስትመጡ ወረቀቱ ላይ ስትፈርሙ ነው። ስለዚህ ዘግይታችሁ ብትደርሱም ሳትፈርሙ ወደ ጫካው አትግቡ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብላችሁ አትፍሩ፤ አንድ ቅጠል ከሌላው መለየት ዓይንና ጣት ይበቃዋል።

ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጣትን የሚሸፍን ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል። ውኃ በደንብ ያዙ። ጫማችሁን ከቤት ሳትወጡ ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፤ ጫካው በር ላይ ደግሞ ሶሉን ሜቲሌትድ ስፒሪት በሚባለው አልኮል እንረጨዋለን። ፋይቶፍቶራ የሚባል ሥር የሚያበሰብስ በሽታ በጭቃ ይጓዛል፤ አንዴ ከገባ ከአፈሩ አይወጣም። ልብስ ላይ የተጣበቀ የሣር ዘርም እንዲሁ ከመግባታችሁ በፊት ይለቀም።

ከደህናው ጀምሩ

አዲስ ሰው ሁሉ ሄዶ የሚጋፈጠው አረሙ በጣም የበዛበትን ቦታ ነው። እኔም ያን አደረግኩ። በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነን አንድ ትልቅ የወይራ ጥሻ ጠርገን ባዶ መሬት አወጣን፤ ደስ አለን። ዝናብ ሲመጣ ያ ባዶ መሬት በሌላ አረም ተሸፈነ። ኪኩዩ የሚባለው ሣር ቀድሞ ገባበት፤ እሱም ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ የመጣ ነው።

ጆንና አይሊን ብራድሊ የሚባሉ ሁለት እህትማማቾች በፈረንጆቹ 1960ዎቹ እዚሁ ሲድኒ፣ ሞስማን ውስጥ፣ ሲሠሩ ሲያዩ ያገኙት ዘዴ አለ። ዛሬም ብዙ ቡሽኬር የሚሄደው በዚያ ነው። ሥራው የአገሬው ተክል ደህና ከሆነበት ይጀመርና ወደ አረሙ ይገፋል። አፈሩና የረገፈው ቅጠል በተቻለ መጠን አይነካም። የምትነቅሉትም የአገሬው ተክል ሊሸፍነው በሚችለው ልክ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ጫካው ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል። አንድ ጠዋት ሙሉ ሠርታችሁ ከሳሎን ምንጣፍ የማይበልጥ ቦታ ብታጸዱ ጥሩ ሠርታችኋል።

ሌላም ምክንያት አለ። ትንንሾቹ ወፎች ጥሻው ውስጥ ይደበቃሉ፣ ጎጆም ይሠራሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ብንጠርገው መጠጊያ ያጣሉ። ጎጆ ያለበትን ቁጥቋጦ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ እንተወዋለን፤ ሪባን አስሩበትና እለፉ።

አነቃቀሉ

ትንሹ ቡቃያ በእጅ ይነቀላል፤ ከዝናብ ማግሥት የተሻለ ጊዜ የለም። ከአፈሩ አጠገብ፣ ግንዱ ሥር ያዙት፤ ወደ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በጉልበት ከሳባችሁት ይበጠስና ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። አፈሩን እዚያው አራግፉ፣ የነቀላችሁበትን ቦታ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉ፣ ቅጠሉን መልሱበት። ቡቃያውን ሥሩ ወደ ሰማይ እንዲሆን አጋድሙት፤ ይደርቃል። ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ግን መሬት ላይ አይቀርም፤ ፍሬው ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይወጣል።

በእጅ የማይነቀለው በመጋዝ ወይም በትልቅ መቀስ ወደ መሬት ተጠግቶ ይቆረጣል። ጉቶው እንዲሁ ከተተወ በዓመቱ ከአንድ ግንድ ፋንታ አሥር ያወጣል፤ ይህን ወይራ የቆረጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከተቆረጠ በሰከንዶች ውስጥ ሥሩን የሚገድል የአረም መድኃኒት ይቀባል፣ ቁስሉ ሳይደርቅ። ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፤ አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ቀቢውን ጠርሙስ ይዞ ይጠብቃል። መድኃኒቱን የሚይዘው ሥልጠና የወሰደ ሰው ብቻ ነው። ትልልቆቹን ዛፎች ለባለሙያዎች እንተዋለን።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ቅጠሉን ሁለቴ እዩ። የአገሬው ወይራ የሚሏት ኖተሌያ የምትባል ተክል አለች፤ ከሩቅ ሲያዩዋት ወይራ ትመስላለች። የእሷ ቅጠል ሻከር ይላል፣ የደም ሥሩ እንደ መረብ ጎልቶ ይታያል። የወይራው ለስላሳ ነው፣ ጀርባው ያ የማውቀው ቡናማ ቢጫ። ከተጠራጠራችሁ አትቁረጡ፤ አስተባባሪዋን ጥሩ። እሾሃማዋን ቡርሳሪያም ማንም አይንካት፤ ትንንሾቹ ወፎች የሚያመልጡት ወደ እሷ ነው።

የወደቀ ግንድና የተላጠ ቅርፊት ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳታነሡ። የኩምበርላንድ ሜዳ ቀንድ አውጣ የምትባል፣ ከዚህ አካባቢ ሌላ ዓለም ላይ የሌለች፣ ለመጥፋት የተቃረበች ፍጥረት የምትኖረው ባሕር ዛፉ ግርጌ፣ በዚያ ቅርፊትና ቅጠል ሥር ነው። እንጨት ካነሣችሁ በነበረበት ጎኑ መልሱት።

ወይራውን ቤት ስለመውሰድ

ይህን ሁሉም ሐበሻ ይጠይቀኛል። ለጋን፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ፣ ለመፋቂያ። ከፓርክ እንጨት በራስ ፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው፤ የእኛ አስተባባሪ ግን ስንጠይቃት ከካውንስሉ አስፈቅዳልናለች፤ እናንተም መጀመሪያ ጠይቁ። ከተፈቀደ በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት ከመቀባቱ በፊት ተቆርጦ ለብቻ የተቀመጠ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ቆሞ የደረቀ ወይራ ፈጽሞ አትንኩ፤ ግንዱ ተበስቶ መድኃኒት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ አጥናችሁበት በጠላና በወተት ወደ ልጆቻችሁ ሆድ ይገባል። ፍሬውንም አራግፋችሁ እዚያው ተዉት፤ መኪና ውስጥ ተንጠባጥቦ ሌላ ሰፈር እንዳይበቅል።

እንግዶቹ

ግማሹ ሥራችን ከሰው ጋር ነው። እሑድ እሑድ ጫካው ዳር ያለው ሜዳ በቤተሰብ ይሞላል፤ ከእኛም ብዙ ሰው ይመጣል፣ ጀበናና ረከቦት ይዞ። በጋ ላይ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ከሰሉ ነው። ጠቅላላ የእሳት እገዳ በታወጀበት ቀን ከሰልም፣ ማገዶም፣ የዕጣን ማጨሻም ክልክል ነው። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የገጠር እሳት አደጋ አገልግሎቱን ማስታወቂያ እዩ። እገዳ ከሌለም የፓርኩን ሰሌዳ አንብቡ፤ ብዙ ቦታ ከሰል በማንኛውም ቀን አይፈቀድም። እኔ ቡናውን ቤት አፍልቼ በፔርሙዝ ነው የምወስደው።

ሰውን ስታናግሩ ደግሞ ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ በእንቁጣጣሽ ሰሞን አንድ አባት ከዋትል ዛፍ ቢጫ አበባውን እየቀነጠቡ ለልጅ ልጆቻቸው ያድሉ ነበር። መስከረም እዚህ ጸደይ ነው፤ ዋትሉ ልክ እንደ አደይ ያብባል። ሰሌዳውን ከሩቅ ላሳያቸው አላሰብኩም። ቀርቤ «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ እንኳን አደረስዎ» አልኳቸው። ቁጭ በይ አሉኝ፣ ዳቦ ቆረሱልኝ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገራቸው ተጨዋወትን። በኋላ ነው «ይህቺ አበባ ዘር ሆና ነው የምትተካው፤ ከፓርክ መቅጠፍም አይፈቀድም» ያልኳቸው። ልጆቹን ጠርተው ራሳቸው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ «ዛሬስ ማን ቀጠፈ?» ይሉኛል፤ አንድ ቅዳሜም ከእኛ ጋር ቡቃያ ሲነቅሉ አረፈዱ።

በዚያው ወራት ማግፓይ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ጎጆውን ሲጠብቅ ከኋላ እየወረደ ራስ ላይ ይመታል። ልጆች እንዳይሮጡና እንዳይወረውሩበት ንገሯቸው፤ ባርኔጣ አድርገው፣ ወፉን እያዩ በእርጋታ ከዛፉ ይራቁ። ለወፍና ለዳክዬ ዳቦ የሚሰጥ ካያችሁ እንደሚያሳምማቸው አስረዱት። ውሻ በገመድ ይሁን።

እባብ ሲሞቅ ይወጣል። ካያችሁ ቁሙ፣ መንገድ ልቀቁለት፤ ማንም በድንጋይ አይምታው። ሰው ከተነደፈ አገር ቤት የምናውቀው ነገር ሁሉ ይቅር፤ አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ በገመድ አይታሰርም፣ ቁስሉም አይታጠብም። የተነደፈው ባለበት ይተኛ፣ አንድ እርምጃም አይራመድ። እግሩ ወይም እጁ እስከ ላይ ድረስ በሰፊ የሚሳብ ፋሻ ጠበቅ ተደርጎ ይጠቅለል፣ በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ፣ ወዲያው 000 ይደወል። ፋሻው ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ እናንተም ሁለት ግዙ።

ያ የመጀመሪያው ቀን የቆረጥኩት ወይራ ጉቶ አሁን በስብሷል። ዙሪያውን የካንጋሮ ሣር ወጥቶበታል፤ ማንም አልተከለውም፣ ብርሃን ሲያገኝ ራሱ መጣ። ይህ ሣር የአውስትራሊያም የአፍሪካም ነው፤ በኢትዮጵያም ይበቅላል። አዲስ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የማሳየው እሱን ነው።

የምንሰበሰበው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው ትልቁ ግሬይ ቦክስ ሥር። 4 ሰዓት ላይ ሻይ አለ። ዳቦ ቆሎ እኔ አመጣለሁ።