ኦንላይን ጌምን ለቬትናም ተጫዋቾች እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ከትርጉሙ በፊት የሕጉን ጉዳይ ጨርሱ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 25 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው ድንጋጌ ቁጥር 147 አካውንት ሁሉ በቬትናም ስልክ ቁጥር እንዲረጋገጥ፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅም አንድን ጌም በቀን ከ60 ደቂቃ በላይ እንዳይጫወት ያዛል። ቆጣሪው ሰርቨሩ ላይ ይሁን፤ ስልኩ ላይ ካደረጋችሁት ልጁ ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ ያልፈዋል።

ቀጥሎ ፎንት። ቬትናምኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም አንዳንዱ አናባቢ ሁለት ምልክት ይደራረብበታል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ በተን ላይኛውን ምልክት ይቆርጠዋል፤ ያኔ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። የመስመሩን ከፍታ ጨምሩ፣ በትልልቆቹ ፊደላትም ፈትሹ።

ብዙ ቡድን የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጡበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ምልክት ያለበትን ፊደል በሁለት መንገድ ያስቀምጠዋል፦ ወይ በአንድ ኮድ ተጠቃሎ፣ ወይ ፊደሉና ምልክቶቹ ለየብቻ ተከታትለው። እኛ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ብለን ብንጽፍ ልዩነቱ ለዓይን ይታያል። የቬትናምኛው ግን ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ጓደኛውን በስሙ ፈልጎ ያጣዋል፤ አጭበርባሪ በታዋቂ ተጫዋች ስም ይመዘገባል፤ የስድብ ማጣሪያውም የተከለከለውን ቃል ያሳልፋል። መፍትሔው ከውጭ የሚገባ ጽሑፍ ሁሉ ዳታቤዝ ሳይደርስ ኤንኤፍሲ ወደሚባለው የተጠቃለለ ቅርጽ እንዲቀየር ማድረግ ነው፦ ስም፣ ቻት፣ የፍለጋ ሳጥን፣ የተርጓሚዎቹም ፋይል ሳይቀር። ይህን ለሰው ጥንቃቄ አትተዉት፤ ኮዱ ይሥራው። ቻት ላይ ምልክቱን ትቶ የሚጽፈው ብዙ ስለሆነ ማጣሪያው ያንንም አጻጻፍ ለብቻው ይያዝ።

በኮምፒውተር ለሚጫወቱት ደግሞ ኪቦርዱን አስቡበት። ብዙ ሰው ዩኒኪ በሚባል ፕሮግራም፣ በቴሌክስ ዘዴ ይጽፋል። በቴሌክስ ደብልዩና ኤስ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄጃዎቹ፣ ምልክት መጨመሪያ ናቸው። ፕሮግራሙ እንደበራ ጨዋታ ከተጀመረ ፊደል ሊያርም ባክስፔስ ይልካል፣ ትእዛዙም ይደበላለቃል። ባክስፔስን ለምንም ትእዛዝ አትመድቡ።

ዋጋ ላይ ሳንቲም አታሳዩ፤ ሺዎች የሚለዩት በነጥብ ነው (50.000 ዶንግ)። ከክፍያ አማራጮች ሞሞና ዛሎፔይ አይቅሩ።

ጌሙ ውስጥ የእስያ ካርታ ካለ የደቡብ ቻይና ባሕርን አጉልታችሁ ተመልከቱ፦ ቻይና አብዛኛውን ባሕር የኔ ነው የምትልበት ባለዘጠኝ ሰረዝ መስመር በጀርባ ምስል ላይ እንኳ ቢገኝ ጌሙን ሊያሳግደው ይችላል።